የአሰብ ባለ አፍንጫዎች

«በአሰብ ከተማ ለምትገኙ የደጋ አገር ተወላጆች በሙሉ። በመጪው ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ፣ በመረዳጃ እድራችን ክበብ ግቢ ውስጥ፣ ቅቤ ይነጠራል።»

ይህን ያነበበው የእድሩ ጸሐፊ ፍቃዱ ነበር። ያነበበውም ወንበር ላይ ቆሞ፣ በዚያ ሙቀት የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ ቆልፎ፣ መርዶ በሚነገርበት ድምፅ ነው። ከኋላ ካርታ ይጫወቱ የነበሩ የወደብ ጸሐፊዎች ማን እንደሞተ ሳይሰሙ ኮፍያቸውን አውልቀው ብድግ አሉ። ነገሩ ቅቤ መሆኑን ሲረዱ ቶሎ መቀመጥ አሳፈራቸውና እንደቆሙ ቀሩ። እነሱን ያዩ ሌሎችም ተነሡ። በመጨረሻ አዳራሹ በሙሉ ለቅቤው ቆሞ ነበር።

ሰርካለም የበሩን መቃን ተደግፋ ታያቸዋለች። በየቤቱ፣ በየወሩ የሚነጠር ቅቤ ነው። እሷ ራሷ ካምቦ ሱዳን ሰፈር ባለችው ምግብ ቤቷ ቁጥሩን እስክትረሳ ድረስ አንጥራለች፤ አንድም ቀን ወንበር ላይ ወጥቶ ያወጀላት የለም። ቢሆንም አልሳቀችም። እዚህ ክበብ ውስጥ የምትፈልገው ነገር ነበራት።

የምትፈልገው ነገር ከአዳራሹ ጀርባ ባለው ኩሽና ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል። ቬንቲላተር፣ የጣሪያ ማራገቢያ ነው። ኩሽናው ጣልያን ሠራው የሚባል፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ወደ ባሕር የሚከፈት ሲሆን፣ ቬንቲላተሩ ሲዞር ጨርቅ ያውለበልባል። የክበቡ ወጥ ቤት ሴትዮ ጓዟን ጠቅልላ ወደ አገሯ ከገባች ወዲህ ኩሽናው ተዘግቷል። የሰርካለም ኩሽና ግን አራቱም ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ባለፈው ሐምሌ ያ የበረሃ ነፋስ ሲነሣ ራሷን ስታ ድስቱ ላይ ወድቃ ክንዷ ተቃጥሏል። ክንዷን ያሰረላት ድሬሰር አንድ ሐምሌ ደግሞ እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ከከረምሽ ሁለተኛ እኔ ጋ አትመጪም፣ የሚወስዱሽ ወደ ሌላ ቦታ ነው ብሏታል። አሁን ግንቦት ገብቷል። እና ሰርካለም ለቬንቲላተሩ ስትል እንኳን ለቅቤ፣ ለሽንኩርትም ትቆማለች።

የኩሽናው ቁልፍ ያለው በእድሩ ሊቀ መንበር በጋሽ ጉግሳ ኪስ ነው። ጋሽ ጉግሳ እንጀራው የመርከብ ሰነድ ማገላበጥ ነው፤ የሚኮራው ግን በአፍንጫው ነው። ጭልፋውን ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ይውጣል፤ ከዚያ በኋላ ለቅቤው ማጣፈጫ የገባው የኮሰረት ቅጠል የተለቀመበትን ተራራ ይናገራል። «በተራራው በምሥራቅ በኩል ነው» ይላል። ፍቃዱ ደግሞ ከጎኑ ሆኖ «የማለዳ ፀሐይ የሚያገኘው» ብሎ ይጨምርለታል። ተራራው ድረስ ሄዶ የሚያጣራ ስለሌለ ሁለቱም አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም።

ሌሎቹም ከነሱ አያንሱም። አንዱ ኮረሪማ በጥርሱ ሰብሮ የጫካውን ስም ይጠራል። ሌላው በሶብላ በጣቱ አሽቶ የዘራችውን ሴትዮ ጠባይ ይተነትናል። ባሕሩ ደጃቸው ነው፤ ዓሣው ከጀልባ ሲወርድ ገና ይላወሳል፤ እነሱ ግን ዓሣ የሚበላ ደገኛ ሲያዩ ሕመም እንደያዘው ዘመድ ያዝኑለታል። ቅቤውንም ቢሆን ሁሉም የሚገዙት ከራሔይታ በኩል በአቁማዳ ከሚያመጡት ከአፋር ሴቶች ነው። አንድ ገበያ፣ አንድ አቁማዳ። ድስት ውስጥ ሲገባ ግን የሰላሌ ቅቤ፣ የጎጃም ቅቤ ይባላል፤ ማን ከየት እንደገዛ እያየ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ሰርካለም ትንቃቸዋለች። ንቀቷም ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ምክንያት አላት። ምግብ ቤቷን የከፈተች ሰሞን ኮሰረት ያመጣላት የአዲስ አበባ መንገድ ሹፌሩ አለልኝ ነበር። እስሩን ጋቢናው ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከናፍጣ ጀሪካኑና ዘይት ከጠጣው ጨርቁ ጋር አጣብቆ ነው ያመጣላት። ቅቤው ላይ ስትጨምረው ቤቱ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ። አለቀሰች። የምትጥለው ነገር አልነበራትምና ዓይኗን ጨፍና አቀረበችው። ያን ቀን ጋሽ ጉግሳ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥቶ ተቀምጦ ነበር። አንድ ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ። ከዚያም ሁለተኛ ሰው በሌለበት ዓለም ውስጥ እንዳለ ሆኖ «ይሄ የእናቴ ጓዳ ሽታ ነው» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቷ ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። ናፍጣ የማይሸተውን ቅቤ ያቀረቡ ሴቶች ደንበኛ ሸሻቸው፤ ምስጢሩን ባያውቁም አለልኝ ያመጣው ኮሰረት እንደሚሻል ደረሱበትና እነሱም አለልኝ እንዲያመጣላቸው ያዝዙ ጀመር። ዓመት ሳይሞላ የአሰብ ደገኛ በሙሉ አገሬ አገሬ እያለ የሚበላው የናፍጣ ቅቤ ሆነ። ሰርካለም ጓዳ ገብታ ሻሿን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ትስቅባቸዋለች።

እሷንስ የየት አገር ልጅ ነሽ ቢሏት ጎጃም ትላለች። የተወለደችው እዚሁ፣ አሰብ ሰጊር ሰፈር ነው። አባቷ የጨው ማምረቻ ሠራተኛ ነበር፣ እናቷ ለጨው ሠራተኞች ሽሮ የምትሠራ። ወደ ደጋው በኩል ከማንዳ አልፋ አታውቅም። ግን አሰብ የተወለደች ሴት ያነጠረችውን ቅቤ እነዚህ ባለ አፍንጫዎች በአፋቸው እንደማያዞሩት ታውቃለች፤ ስለዚህ ጎጃም ተወለደች። ጋሽ ጉግሳም የጎጃም ሰው ስለሆነ ያገሬ ልጅ ይላታል።

አሁን ይህ ሁሉ አዋጅ የወጣው የጋሽ ጉግሳ እናት ከአገር ቤት ሊመጡ ስለሆነ ነው። እመት ዓለምዘውድ ይባላሉ። ልጃቸውን ካዩት ብዙ ዘመን ሆኗል፤ እሱ ወጣት ሆኖ ወደ ወደብ ሥራ ከመጣ ወዲህ አልተመለሰም። በክበቡ የምሳ ግብዣ ይደረግላቸዋል። ቅዳሜ ቅቤ የሚያነጥሩት ሁለት ሴቶች፣ ሰርካለምና እንደሷው ምግብ ቤት ያላት ዘውድነሽ ናቸው። የበለጠችው በተከፈተው ኩሽና የእናትየውን ምሳ ትሠራለች፤ እሳቸው በልተው ከመረቁላት ቁልፉን በገዛ እጃቸው ይሰጧታል፣ ኩሽናውም ለዘለቄታው የሷ ይሆናል።

አለልኝ ግን አልመጣም። ላይ አገር ዘንቦ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦታል፤ መኪኖቹ ወዲያ ማዶ ተሰልፈው ቆመዋል ተባለ። ሰርካለም ጓዳዋን ስትበረብር ያገኘችው ያምናውን ኮሰረት ጭራሮ ብቻ ነው፤ ሽታው ሁሉ ወጥቶለት መጥረጊያ ሆኗል። እንዲህ ሆና ሳለች ዘውድነሽ መጣች። ዘውድነሽ ባለ ወርቅ ጥርስ ናት፤ ጥርሱ እንዲታይላት ስትል ሐዘን ቤትም ፈገግ ትላለች።

«ሰርኬ፣ የኔ ኮሰረት እኮ በአይሮፕላን ነው የመጣው። ወንድሜ በጉልበቱ ታቅፎት መጣ። ያንቺ በምን ይመጣል?»

«በእግሩ» አለች ሰርካለም።

ዘውድነሽ ወርቋን አሳይታ ሄደች። ሰርካለም ጭራሮውን በፌስታል ጠቅልላ ኑህ የመኪና መጠገኛ ኦፊቺና ሄደች። ኑህ መካኒክ ነው፣ ደንበኛዋም ነው። ከመኪና ሥር ተንሸራቶ ወጣ። የመኪና መወልወያ ጨርቅ ስጠኝ አለችው። ለምንሽ ነው አላት።

«ለቅቤ።»

ኑህ ፊቷን አየ። የምትቀልድ ሰው ፊት አልነበረም። እጁን ጠረገ።

«የታጠበውን ነው የተሠራበትን?»

«የተሠራበትን።»

ከተሰቀለበት አውርዶ፣ ዞር ብሎ ሳያያት፣ እንዳይነካካው በሁለት ጣቱ ይዞ ሰጣት። ከነገ ጀምሮ ዓሣ ነው የምበላው፣ እንዳትቀየሚኝ አላት። ቀን ሙሉ ጭራሮውን በጨርቁ ጠቅልላ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ከድና፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። የአሰብ ፀሐይ እንዲህ ያለ ሥራ ያውቅበታል። ማታ ስትከፍተው መጥረጊያው የጋሽ ጉግሳን እናት ጓዳ ሸትቶ ጠበቃት።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ግቢው ሞላ። ሁለት የከሰል ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ሴት። ባለ አፍንጫዎቹ ተላጭተው፣ ሽቶ ግን ሆን ብለው ሳይቀቡ መጥተዋል፤ ፍቃዱ ይህን ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። ቅቤው ሲቀልጥ ሁለቱም ሴቶች እርዱን፣ አብሹን፣ ኮረሪማውን እያስከተሉ ጨመሩ። እስካሁን ያለው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ከአንድ ሱቅ የተገዛ ነው። ነገሩ ያለው ኮሰረቱ ላይ ነው።

ዘውድነሽ ቀድማ ጨመረች። ቅጠሉ ቅቤው ላይ ተንጫጫና ሽታው ግቢውን ዞረው። ሰርካለምም አሸተተችው። ሹል ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠንበት ዓይነት ነገር መሰላት። ይህቺስ የባሰባት ናት፣ ሣር ይዛ መጣች ብላ በሆዷ ደስ አላት።

ጋሽ ጉግሳ ጭልፋውን አስጠጋ። ዓይኑን ጨፈነ። ግንባሩ ተሸበሸበ። ለብዙ ጊዜ አልገለጠውም።

«ይሄ ኮሰረት አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ከራሔይታ ወዲህ ድንጋይ ላይ የሚበቅል ቁጥቋጦ አለ። እሱ ነው። ፍየል የሚበላው።»

«ፍየልም ሲቸግራት» አለ ፍቃዱ።

ሰው ሳቀ። ዘውድነሽ ወንድሟ ከገበያ በእጁ መርጦ፣ በአይሮፕላን ታቅፎ እንዳመጣው ልትናገር ጀመረች። ዙሪያዋን ስታይ ግን አንገት የሚነቀንቅላት አንድም ሰው አጣች። ያኔ ድምፅዋ ተቀየረና ነገሩ ለሷም ገና ከጅምሩ እንዳልጣማት፣ ወንድሟ ከልጅነቱ ጀምሮ ገበያ የማይላክ ጅል እንደሆነ፣ ቁጥቋጦ መሆኑንም ያወቀችው እነሱ ሳይናገሩ እንደነበር ተናገረች። ይህን ሁሉ ስትናገር የወርቅ ጥርሷ አልታየም።

ቀጥሎ ሰርካለም ጭራሮዋን ጨመረች። ጨርቁ የሰጣትን ሁሉ ጭራሮው ለቅቤው ሰጠ። የወደብ ጸሐፊዎቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጋሽ ጉግሳ ጭልፋው ላይ አጎነበሰ፤ ቀና ሲል ዓይኑ ውኃ አቅርሯል።

«የእናቴ ጓዳ ገባሁ» አለ። «ከበሩ በስተግራ ያለው ጋን ጋ ቆሜያለሁ።»

ፍቃዱ የጋኑን ቀለም ሊጨምር አፉን ከፍቶ ነበር፤ ከፊቱ ያለውን እንባ አይቶ ተወው። ሰርካለም አንገቷን ደፋች። ትኅትና ነው ብለው ወደዱላት። ሳቋን እየዋጠች ነበር።

እመት ዓለምዘውድ በማግሥቱ በአይሮፕላን መጡ። ትንሽ ሴትዮ ናቸው፤ በዚያ ሙቀት ጋቢያቸውን አላወልቅም ብለዋል። የምሳው ቀን ሰርካለም ከንጋት ጀምሮ በክበቡ ኩሽና ነበረች። ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው የቬንቲላተሩን ማብሪያ መጫን ነው። ክንፎቹ ሲዞሩ ከሥሩ ቆማ ሻሿን ፈታች፣ የተቃጠለ ክንዷን ወደ ላይ ዘረጋች፤ እንዲያው ዝም ብላ ቆመች። ዶሮውን ስትበልት፣ ሽንኩርቱን ስታቁላላ፣ ላብ የሚባል ነገር አልወጣትም። ቅቤውን ወጡ ላይ አንቆርቁራ ስትጨርስ እዚህ ኩሽና ውስጥ እስክታረጅ ድረስ ስትመላለስ ታያት። ከአዳራሹ ፍቃዱ ንግግር ሲያደርግ፣ የደጋውን አየር ሲያወድስ፣ ሰው ሲያጨበጭብ ይሰማታል። በሕይወቷ እንደዚያን ቀን ንቃቸው አታውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ወዳቸው አታውቅም።

ተጠራች። ሻሿን መልሳ አሰረችና ወጣች። የጠረጴዛው ራስ ላይ እመት ዓለምዘውድ ተቀምጠዋል፤ ቁልፉ ከሳህናቸው አጠገብ፣ አበባ ያለበት መሐረብ ላይ ተጋድሟል። ጋሽ ጉግሳ በቀኛቸው ሆኖ ወጡን በእንጀራ ጠቀለለና አጎረሳቸው። አዳራሹ ማኘካቸውን አዳመጠ። እሳቸው ቀስ ብለው አላመጡ፤ ማላመጡ ረዘመ። በመጨረሻ በጨዋ ደንብ ዋጡት። እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሰደዱና እዚያው ላይ አሳርፈው ግራና ቀኛቸውን አዩ። ምርቃቱ ሊጀመር ነው ብሎ ሰው አንገቱን ደፋ።

«ጉግሳ ልጄ።»

«አቤት እናቴ።»

«እዚህ አጠገቤ የናፍጣ ጀሪካን ያስቀመጠ ሰው ያለ መሰለኝ። ዞር ቢያደርግልኝ፤ የምግቡን ሽታ ወሰደብኝ።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ ሥራ ያዘ። ፍቃዱ መጋረጃውን ገለጠ። የወደብ ጸሐፊዎቹ በመስኮቱ ተንጠራርተው ወደ ውጭ አዩ። አንድ ሹፌር ተነሥቶ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ በሩ ላይ ያቆመውን መኪና አስነሥቶ ወደ ማዶ ወሰደ። ሌላው ወደ ውጭ ወጥቶ የጎረቤቱን አጥር እያየ ራሱን ነቀነቀ፤ ጥፋቱ ከዚያ ማዶ እንደሆነ ለሁሉም እንዲታወቅ። ሰርካለም ትሪዋን እንደያዘች ቆማለች። ሲፈልጉ ታያቸዋለች፤ ሁሉም በትጋት ይፈልጋሉ፤ ወደ ወጡ ግን አንድም ሰው ዓይኑን አያሳልፍም።

«የለም፤ ተነሥቷል» አለ ፍቃዱ ተመልሶ።

እመት ዓለምዘውድ አመስግነው አንድ ጉርሻ ደገሙ። ፊታቸው ላይ ልጃቸውን ላለማስከፋት የሚታገል ሰው መልክ ነበር።

«አልሄደም መሰለኝ ልጆቼ።»

ይህን ጊዜ ጋሽ ጉግሳ ራሱ ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ከረባቱን ወደ ትከሻው ወረወረ፣ ተንበረከከ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ገለጠና ወደ ሥር ገባ። ከጉልበቱ በታች ያለው እግሩ ብቻ ውጭ ቀረ።

እመት ዓለምዘውድ በዚህ መካከል ሰርካለምን አዩዋት። ነይ አሏት። እጇን ይዘው ያገራቸው ልጅ እንደሆነች ልጃቸው እንደነገራቸው፣ ባዶ እጃቸውን እንዳልመጡላትም ነገሯት። ከጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱና አንድ ጭብጥ ደረቅ ቅጠል መዳፏ ላይ በተኑላት። ከደጃፌ የለቀምኩት ነው፣ ላገሬ ልጅ ብዬ ነው አሉና እጃቸውን ወደ ቁልፉ መለሱ።

ሽታው ከመዳፏ ተነሥቶ እስከ ኋለኛው ጠረጴዛ ሄደ። ከኋላ የተቀመጠችው ዘውድነሽ ብድግ አለች፤ አፏን ከፈተች፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ወንድሟን የሰደበችውን አስታወሰችና ወርቋን ይዛ ተቀመጠች። ፍቃዱ የጀመረውን ፈገግታ እንደያዘ ደረቀ። አዳራሹ የፍየሉን ቁጥቋጦ በሙሉ አፍንጫው እያሸተተ ሰርካለም የምትለውን ጠበቀ።

ሰርካለም ቅጠሉን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አሮጊቷን ማስከፋት አልፈለገችም፤ ቁልፉ እሳቸው መዳፍ ሥር ነው፤ ከኩሽናው የቬንቲላተሩ ድምፅ ይሰማታል። የሚባለውን ሁሉ በልቧ ፈለገች። ያገሬ ሽታ ልትል አሰበች፤ ሽታው ግን ዘውድነሽ ቅዳሜ የጨመረችውን ሣር እንጂ ሌላ ምንም ነገር አላስታወሳትም። ስጦታው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ማመስገን ደግሞ ነውር መሰላት። ስለዚህ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ባላት ትኅትና ሁሉ ጠየቀቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ። የሻይ ነው የወጥ?»

እመት ዓለምዘውድ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ወጡን አዩ። ከዚያ ቁልፉን መሐረቡ ላይ ትተው፣ በላዩ የነበረውን እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡና ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት።

«እናቴ» አለ ጋሽ ጉግሳ ከጠረጴዛው ሥር፣ «እዚህም ምንም የለም።»